ለሜዳሊስት አዳሾች የሚገባ ምስጋና

ኮዳክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 ያወጣው፣ በጦርነቱም ዘመን የአሜሪካ ባሕር ኃይል የተገለገለበት ሜዳሊስት የተባለው ካሜራ፣ አካሉ የጸና አሉሚኒየም፣ ኤክታር የተባለው ሌንሱም 5 ብርጭቆዎች ያሉት ድንቅ ግብረ እድ ሆኖ ሳለ፣ ኮዳክ 620 የተባለውን ፊልም በ1995 ማምረት ሲያቆም፣ አንዳች ሕጸጽ ሳይገኝበት በምግብ እጦት ብቻ እንደሚሞት ጤነኛ ሰው ሆነ። የሚያስቆጨውም፣ ዛሬም የሚሸጠው 120 ፊልም በስፋቱ ከቀድሞው ጋር አንድ ሲሆን፣ የሚለየው በማጠንጠኛው ብቻ መሆኑ ነው፤ የ620 ማጠንጠኛ ዘንጉ ቀጭን፣ የዳርና ዳሩም ክብ ጠባብ ነውና።

ስለዚህ ሜዳሊስትን የሚያድሱ ጠቢባን ካሜራውን ፈትተው፣ ወፍራሙ ማጠንጠኛ እንዲገባ የፊልሙን ጓዳ ግድግዳ በሚሊሜትር ክፋይ እየለኩ ይፍቃሉ፤ አንዲት የብረት ብናኝ ፊልሙን እንዳትጭረው ውስጡን አጥርተው ይጠርጋሉ፤ ከዚያም መልሰው ይገጥሙታል። እኔ ከእጃቸው ብልሃት ይልቅ የማደንቀው ትሕትናቸውን ነው፤ አስፈላጊውን ብቻ ነክተው፣ ሌንሱንና መዝጊያውን በጥንተ ተፈጥሮው ይተዉታልና፣ ካሜራው 6 በ9 ሳንቲሜትር የሆነውን ሰፊ ሥዕል እንደ ቀድሞው ይቀርጻል።

እንዲህ ያለ ካሜራ ከአያቱ የወረሰ ሰው ቢኖር፣ በመደርደሪያ ላይ ለጌጥ ከማኖሩ አስቀድሞ ለባለሙያ ያሳየው።