«ጥቁር ድንጋይ» ፍቺ ይሆናልን?

የማዕድናት ስሞች በመዝገበ ቃላት ሲፈቱ ብዙ ጊዜ «የድንጋይ ዓይነት» ወይም «ጥቁር ድንጋይ» ተብለው ይታለፋሉ። እዚህ የምንተቸው አንድን መጽሐፍ ሳይሆን ይህን የአፈታት ልማድ ነው። ነገሩን ከመሰሎቹ የማይለይ ፍቺ ፍቺ አይባልም፤ ማዕድንን ከማዕድን የሚለየው ደግሞ መልክ ብቻ ሳይሆን ፈተና ነው።

አይከልን ለአብነት እንውሰድ። በጭልጋ ዙሪያ፣ በባዛልት መካከል በተነጠፉና 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠሩ ደለሎች ውስጥ፣ ሊግናይት የተባለው የድንጋይ ከሰል ይገኛል። የአይከል ተማሪ አንድ ጥቁር ስባሪ ቢያገኝ ከሰል ነው፣ ባዛልት ነው፣ ወይስ ሄማታይትና ማግኔታይት ከተባሉት የብረት ማዕድናት አንዱ? «ጥቁር ድንጋይ» የሚለው ፍቺ ለአራቱም ይስማማል፤ ባዛልትማ በግንበኞች ዘንድ ስሙም ይኸው ነው።

ተማሪው ግን ከቤቱ ሳይወጣ ሊለያቸው ይችላል። ስባሪውን ቅብ በሌለው የሲኒ መቀመጫ ላይ ሲፈትገው ሄማታይት ቀይ ቡናማ ዱቄት ይተዋል። የማግኔታይት ዱቄት ጥቁር ነው፤ ማግኔትም አጥብቆ ይስበዋል። የሊግናይት ዱቄት ቡናማ ቢሆንም፣ ስባሪው ለእጅ ቀላል ነው፤ በቢላዋም ይፋቃል። ባዛልት የብዙ ማዕድናት ድብልቅ ስለ ሆነ እንደ አንድ ማዕድን አይፈተንም።

ዳሩ ግን ፈተናው በአማርኛ እንዲነገር የፈተናው ቃላት አስቀድመው መጥራት አለባቸው። በዚህ ረገድ ሁለት ቃላት ያሳስቡናል።

አንደኛው «ጥንካሬ» ነው። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ያወጣው ባለ10 ደረጃ መለኪያ የሚለካው ጭረትን መቋቋምን ነው፤ የእጅ ጥፍር 2.5፣ የመስኮት መስታወት 5.5 ገደማ ይሆናል። «ጥንካሬ» ግን በተለመደው አነጋገር አለመሰበርንም ይጨምራል። ቃሉን አምኖ በመዶሻ የሚፈትን ሰው፣ 10ኛውን ደረጃ የያዘውን አልማዝ እንኳ ሰባብሮ «ደካማ ነው» ሊል ይችላል፤ የቃል ስሕተት የንብረት ጥፋት ይሆናል ማለት ነው።

ሁለተኛው «ጭረት» ነው። መቧጨሩንም፣ ሲፈተግ የሚቀረውን የዱቄት መሥመርም ሊያመለክት ስለሚችል፣ ሁለት ልዩ ልዩ ፈተናዎችን ያደባልቃል። በበኩላችን ለመጀመሪያው ፈተና «ጭረት ቻይነት»፣ ለሁለተኛው «የዱቄት ቀለም» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን።

መዝገበ ቃላት የሳይንስ መጽሐፍ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እርግጥ ነው፤ ሁሉን እንዲያስተምር አንጠይቀውም። ነገር ግን «ሄማታይት፤ ጥቁር፣ ግራጫ ወይም ቀይ መልክ ያለው፣ ዱቄቱ ቀይ ቡናማ የሆነ የብረት ማዕድን» የሚለው ፍቺ «የድንጋይ ዓይነት» ከሚለው የሚረዝመው በጥቂት ቃላት ብቻ ነው። በእነዚያ ጥቂት ቃላት የአይከሉ ተማሪ በእጁ ያለውን ነገር በገዛ ቋንቋው ሊያውቅ ይችላል።