ቦታውን የረሳ ሰው፦ የብሪታንያ ሲትኮም በማን ነው የሚስቀው?

ብሪታንያውያን በራሳቸው መሳቅ ያውቁበታል ይባላል። ሙገሳውን እነሱም ይወዱታል። እኔ ግን ሲትኮሞቻቸውን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይለቀኝም፦ የሚሳቅበት ሁሌ አንድ ዓይነት ሰው የሆነው ለምንድን ነው?

«ፎልቲ ታወርስ»ን እንውሰድ። እንደ ፈረንጆቹ በ1975 እና በ1979 የተላለፈ፣ በድምሩ 12 ክፍል ብቻ ያለው ሥራ ነው። ጆን ክሊስ የሚተውነው ባዚል ፎልቲ ቶርኪ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ሆቴል አለው። በመጀመሪያው ክፍል «ሎርድ ነኝ» የሚል እንግዳ ይመጣል። ባዚል መሬት እስኪነካ ያጎነብሳል፤ የተቀመጡ ቤተሰቦችን ከጠረጴዛቸው አስነስቶ ቦታውን ለሎርዱ ይሰጣል። ሰውየው በኋላ አጭበርባሪ ሆኖ ይገኛል። የምንስቀው ግን በአጭበርባሪው አይደለም፣ በባዚል ነው።

ከ1990 እስከ 1995 የታየችው ሃያሲንዝም እንዲሁ ናት። የባሏ ስም «ባኬት» ነው፤ ባልዲ ማለት። እሷ ግን «ቡኬ» በሉኝ ትላለች፤ እቅፍ አበባ መሆኑ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የተሳቀው በዚህች ባልዲና አበባ መካከል ባለች ክፍተት ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ነገሩ የገባኝ ግን «ዳድስ አርሚ»ን ሳይ ነው። ከ1968 እስከ 1977 የተላለፈው ይህ ኮሜዲ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንዲት ትንሽ ከተማ ለመጠበቅ የተሰበሰቡ፣ አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ያሳያል። አዛዡ ካፒቴን ማነሪንግ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው። ሳጅን ዊልሰን በጦሩም በባንኩም የእሱ የበታች ነው፤ ግን የትልቅ ቤት ልጅ ነው። አነጋገሩ ለስላሳ፣ አቋሙ ዘና ያለ። ማነሪንግ ለፍቶ ያገኘውን ሥልጣን እየጮኸ ያስከብራል፤ ዊልሰን ደግሞ መጮህ አያስፈልገውም። በአንድ ክፍል ዊልሰን በዘር የማዕረግ ስም ይደርሰዋል፤ ማነሪንግ ለዓመታት ሲመኘው የኖረው የጎልፍ ክለብም ዊልሰንን ይጋብዘዋል። ማነሪንግ በንዴት ሊፈነዳ ይደርሳል። እኛም እንስቃለን። ግን በደንብ ካሰብነው የተበደለው እሱ አይደል እንዴ?

ባላባቱም በእነዚህ ኮሜዲዎች ይሳቅበታል፤ ነገር ግን በሞኝነቱ እንጂ በመመኘቱ አይደለም። ምኞት የሚያስቀው ከታች ሲመጣ ብቻ ነው።

«ኦንሊ ፉልስ ኤንድ ሆርስስ» ላይ የፔክሃሙ ነጋዴ ዴል ቦይ ሚሊየነር የመሆን ሕልሙ በ1996 ተሳካ። ያን ክፍል ከ24 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው፤ አገር ተደሰተ። በ2001 ታሪኩ ሲቀጥል ግን ገንዘቡ በሙሉ ጠፍቶ ወደ ድሮው አፓርታማ ተመለሱ። ሀብታም ዴል ቦይ አያስቅማ!

«ዘ ኦፊስ» ደግሞ ለማነጻጸር ይመቻል፤ ሁለት አገር ተሠርቷልና። በ2001 የጀመረው የብሪታንያው ዴቪድ ብሬንት ስላው ውስጥ ያለ የወረቀት ድርጅት ቅርንጫፍ አለቃ ነው፤ ራሱን እንደ ኮሜዲያን ይቆጥራል። በ2005 የጀመረው የአሜሪካው ማይክል ስኮትም ያው አጉል አለቃ ነው፤ ግን ሽያጭ ላይ ጎበዝ ነው፣ ያፈቅራል፣ ይፈቀራል፣ ሲሄድም ይለቀስለታል። ብሬንት ግን በሁለተኛው ሲዝን መጨረሻ ከሥራ ሲቀነስ እንዳያባርሩት ይለምናል። ካሜራው ፊቱ ላይ ይቆያል። እዚህ ጋ ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ጥርስ ባዳ ነው የምንለው ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነው።

እርግጥ ተመልካቹ እነዚህን ሰዎች ይወዳቸዋል። ማነሪንግ ቀልደኛ ቢመስልም ጀርመኖች ቢመጡ ቆሞ እንደሚሞት እናውቃለን። ብሬንትም በ2003ቱ የገና ክፍል ትንሽ ምሕረት ያገኛል። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ የሚስቀውም ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ መሰላሉ ላይ ያለ ሰው ነውና። ችግሩም እዚያው ነው። ሕልሙ ሲከሽፍ በፍቅር የሚሳቅለት ሰው መቆጣት ያፍራል። ቁጣው ነውር፣ ምኞቱ ቀልድ ይሆናል፤ መሰላሉን ማን እንደሠራው የሚጠይቅም ይጠፋል።

ስለዚህ «በራሳቸው መሳቅ ያውቃሉ» ሲባል እስማማለሁ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ በጣም ያስቃሉ እኮ። ግን አሁን አሁን ባዚል ባጎነበሰ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው አስጎንባሹ ላይ ነው።