ጥቂት ነክቶ ብዙ የለወጠ እጅ

ከመንገድ ሞተር ሳይክል የተራራ ሞተር ማውጣት ዛሬ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አንዱ ቴላዮ ቆርጦ ይበይዳል፤ ሌላው የፊት ሞላውን ነቅሎ ረጅም ያስገባል፤ ሌላው ደግሞ ሞተሩን ብቻ አስቀርቶ ቀሪውን እንደ አዲስ ይሠራዋል። በዚህ ሙያ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ሥራ ግን ከእነዚህ ሁሉ በጣም ቀላሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ ኸርብ ኡል የተባለ የሆንዳ ነጋዴ፣ አሜሪካ ውስጥ በአይዳሆ ግዛት በቦይዚ ከተማ የሠራው ነው። የነካው ነገር ጥቂት ነው፤ የነካው ግን መነካት ያለበትን ነው።

ሥራው የተጀመረው በሆንዳ ሱፐር ካብ ነው። ይህች ሞተር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1958 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ስትቀርብ የታሰበችው ለከተማ ሰው ነበር። የኩባንያውን ንግድ የሚመራው ታኬዎ ፉጂሳዋ፣ ሶባ የሚባለውን የጃፓን ፓስታ ለደንበኛ የሚያደርስ ልጅ ትሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ሊነዳት ይገባል ይል ነበር። የኩባንያው መሥራች ሶይቺሮ ሆንዳም በዚያው ልክ ሠራት። ሞተሯ 49 ሲሲ፣ ጉልበቷ 4.5 የፈረስ ጉልበት፣ ማርሿ ሦስት ነው። በእጅ የሚጨበጥ ፍሪሲዮን የላትም፤ ሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር ፍሪሲዮኑ ራሱ ይይዛል፣ ሲቀንስ ራሱ ይለቃል። ጭቃ እግር ላይ እንዳይረጭ ከፊት ሰፊ የፕላስቲክ መከለያ አላት፤ ቅባት ሱሪ እንዳይነካም ካቴናዋ ሙሉ በሙሉ በቆርቆሮ ተሸፍኗል።

በቦይዚ ዙሪያ ግን ተራራ ነው። አዳኙና ዓሣ አጥማጁ የሚሄድበት መንገድ የእግር መንገድ ነው፤ ጠባብ፣ ድንጋያማና ቀጥ ያለ። በዚያ ዘመን የነበሩት ትልልቅ ሞተሮች እዚያ ሲወድቁ ማንሳቱ ብቻ ሰው ይጨርሳል። የኡል ዓይን ያረፈው ሱፐር ካብ ያለማንም ዕቅድ ለተራራው ይዛ በመጣችው ነገር ላይ ነው። ክብደቷ ቀላል ነው፤ ወደቀች ቢባል አንድ ሰው ያነሳታል። ከሁሉ በላይ ግን ያ ለፓስታ አመላላሽ የተሠራው ፍሪሲዮን አለ። ዳገት ላይ ከድንጋይ ጋር ሲታገሉ ሞተር የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ፍሪሲዮኑ በወቅቱ ባለመልቀቁ ነው። ይህች ግን ቆም ብትል እንኳ ሞተሯ አይጠፋም፤ የነጂው ሁለት እጆችም መሪውን ለመያዝ ነፃ ናቸው። ይህን ማየት ራሱ ግማሽ ሙያ ነው።

የጎደላት ጉልበት ነበር። ኡል ጉልበቱን ሞተሩ ውስጥ አልፈለገውም፤ ፒስተን አልለወጠም፣ ሲሊንደር አላሰፋም። ከኋላ ጎማው ጋር የሚዞረውን፣ ካቴናው የሚያርፍበትን ጥርሳም ክብ አውጥቶ በትልቅ ተካው። ጎማውንም ጭቃና አፈር በሚነክስ ባለ ጉጥ ጎማ ለወጠ። ዋናው ሥራ ይኸው ነው።

የዚህን ክብ ሒሳብ በምሳሌ እንየው። ከሞተሩ የሚወጣው ትንሹ ክብ 14 ጥርስ፣ የኋላው 42 ጥርስ ቢኖራቸው፣ ትንሹ ሦስት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። የኋላውን 70 ጥርስ ብናደርገው አምስት ጊዜ መዞር ይኖርበታል። ጎማው ላይ የሚደርሰው የማዞር ጉልበት በሁለት ሦስተኛ ያድጋል። ክፍያውም ግልጽ ነው፦ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄደው ሞተር በዚያው የሞተር ዙር 30 ብቻ ትሄዳለች። ተራራ ላይ ግን 30 ራሱ ብዙ ነው። የማይፈለገውን ፍጥነት ሰጥቶ የሚፈለገውን ጉልበት መውሰድ፤ በብየዳ ከሚመጣ ለውጥ ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል።

ቀላል ነው ማለት ግን ጥንቃቄ አይፈልግም ማለት አይደለም። የእንዲህ ዓይነት ሥራ ጥራት የሚታወቀው ካቴናው ላይ ነው። የአዲሱ ክብ መሐል ቀዳዳ ትክክለኛው መሐል ላይ ካልተበሳ፣ ጎማው በዞረ ቁጥር ካቴናው አንዴ ይወጠራል፣ አንዴ ይረግባል። ነጂው በተወጠረበት በኩል ቢያስተካክለው በሌላው በኩል ይላላና ይዘላል፤ በላላበት በኩል ቢያስተካክለው ሲወጠር ኩሽኔታውን ይበላል። ሁለተኛው ነገር መስመር ነው። የፊቱና የኋላው ክብ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ካልቆሙ፣ ካቴናው ጥርሶቹን በአንድ ጎናቸው ብቻ ይፍቃቸዋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያ ጎን እንደ መስታወት አብርቶ ይታያል። ክቡ ሲያድግ ካቴናውም መርዘም አለበት፤ የቆርቆሮ ሽፋኑም አይበቃውም። ባለ ጉጥ ጎማም ከለስላሳው ይወፍራል፤ ሞላው ሲጫን ፓራፋንጎውን እንዳይነካ፣ በመካከላቸው የሚገባው ጭቃም እንዳይቆልፈው ክፍተት ይሻል። አንዱ ለውጥ ሌላውን ይጠራል። ባለሙያው የሚመሰገነው የተጠራውን ሁሉ ሰምቶ፣ ያልተጠራውን ሳይነካ ሲያቆም ነው።

ገዢዎች ይህን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። የአሜሪካ ሆንዳ የሽያጭ ኃላፊ የነበረው ጃክ ማኮርማክ፣ ከቦይዚ የሚመጣው የሽያጭ ቁጥር ከትልልቅ ከተሞች ነጋዴዎች ሲበልጥ አይቶ ምክንያቱን ጠየቀ። ከኡል ሞተሮች አንዷም ወደ ጃፓን ተላከች። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1961 ትሬይል 50 ብሎ ያወጣት ሞተር ከዚያ የተወለደች ናት፤ የእግር መከለያው የለም፣ የኋላው ክብ ትልቅ ነው፣ ጎማው ባለ ጉጥ ነው፣ ከኋላም የዕቃ መጫኛ አላት።

ቀጥለው የመጡት ሞዴሎች ደግሞ የኡልን ክፍያ አቅልለውለታል። በመጀመሪያዎቹ ትሬይል 90 ሞተሮች ላይ ከኋላው ጎማ ጎን ትንሽና ትልቅ ክብ አብረው ይታሰራሉ። ነጂው መንገድ ላይ በትንሹ ይነዳል፤ ተራራው ሥር ሲደርስ ወርዶ ካቴናውን ወደ ትልቁ ያዛውረዋል፣ በቁራጭ ካቴናም ያስረዝመዋል። ቆይቶ ይህ ሁሉ በሞተሩ ሥር ባለች ትንሽ መለወጫ ተተካ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣችው ሲቲ125 ብትታይም የዘር ሐረጓ አይጠፋም፤ በእጅ የሚጨበጥ ፍሪሲዮን ዛሬም የላትም።

የተለወጠ ሞተር ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ቀለሙንና የሚያብለጨልጨውን ማርሚታ ትተህ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሳው እለዋለሁ። ማርሹን አውጥተህ ጎማውን በእጅህ ቀስ አድርገህ አዙረው፤ ከታች ያለውን ካቴና መሐሉ ላይ ተመልከት። አንድ ሙሉ ዙር ሳይወጠርና ሳይረግብ ከዞረ፣ ያንን ክብ የበሳው ሰው ለክቶ ነው የበሳው፤ ሌላውንም ሥራውን ልታምነው ትችላለህ።