የሱፐርማን ሺህኛ ቁጥር

በአሜሪቃ አገር ሥዕልና ጽሕፈት ተባብረው ታሪክ የሚናገሩባቸው መጽሔቶች እጅግ ብዙ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ «አክሽን ኮሚክስ» የተባለው በኤፕሪል ወር 1938 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የመጀመሪያው ቁጥር ታትሞ በ10 ሳንቲም ተሸጠ፤ ሱፐርማን የሚባለውም ኀይለኛ ሰው ያን ጊዜ ከአንባቢ ጋራ ተዋወቀ። 80 ዓመት ሲሞላው በኤፕሪል 18 ቀን 2018 ዓ.ም. የዚሁ መጽሔት ሺህኛ ቁጥር በ80 ገጽ ተዘጋጅቶ፥ ዋጋውም 7 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሆኖ ወጣ።

ይህን የመሰለ መጽሔት የልጆች መጫወቻ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው አይታጣም። ነገር ግን የአንድ ታላቅ ሕዝብ ልጆች ጀግና ማለት ምን እንደ ሆነ ሰማንያ ዓመት ሙሉ የተማሩበት ነገር ስለ ሆነ፥ በዓሉን እንዴት አድርጎ እንዳከበረ መመርመር ይገባል። ገድል ያነበበ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የባለ ገድሉን ታላቅነት የሚያስረዳው የምስጋናው ብዛት አይደለም፤ የተረዳው ሰው ማን እንደ ነበረና ምን ዐይነት መከራ እንደ ደረሰበት በተነገረ ጊዜ ነው እንጂ።

የመጀመሪያው ቁጥር ይህን ያውቅ ነበር። በ13 ገጽ ብቻ ሱፐርማን ያለ በደሏ ሞት የተፈረደባትን ሴት ለማዳን የአገረ ገዥውን በር ሰብሮ ይገባል፤ ሚስቱን የሚደበድበውን ባል ይቀጣል፤ በዋሽንግተንም የሕግ መምሪያ አባልን በገንዘብ የሚገዛውን ሰው ያሳድዳል። ሥዕሉ ሸካራ፥ ንግግሩም አጭር ነው፤ ነገር ግን በየገጹ አንድ የተበደለ ሰው ይገኛል።

በሺህኛው ቁጥር ግን መጀመሪያ የሚገኘው ምስጋና ነው። በ1992 ዓ.ም. የሱፐርማንን ሞት ጽፈው የሣሉት ሚስተር ዳን ዩርገንስ ከተማው ሁሉ ተሰብስቦ ጀግናውን ሲያመሰግነው አሳይተዋል፤ ጀግናውም በምስጋናው ውስጥ ቆሞ ያፍራል። ማፈሩ መልካም ሐሳብ ነበረ፤ ዳሩ ግን ደራሲው ራሳቸው ምስጋናውን አላሳጠሩትም። ሚስተር ፒተር ቶማሲና ሚስተር ፓትሪክ ግሊሰን እያንዳንዱን ሥዕል አንድ ሙሉ ገጽ አስይዘው ያለፈውን ዘመን ሁሉ አሳልፈዋል፤ ይህም ለዐይን ደስ ያሰኛል። በ1996 ዓ.ም. ያረፉት ሠዓሊ ከርት ስዋን ሣይታተም የቀረ ሥራቸው አዲስ ንግግር ተጽፎለት መውጣቱ ደግሞ የሚያስመሰግን ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን «መኪናው» የተባለው አጭር ታሪክ ነው። የጻፉት ሚስተር ጄፍ ጆንስና የ1978ን የሱፐርማን ፊልም ያዘጋጁት ሚስተር ሪቻርድ ዶነር፥ የሣሉትም ሚስተር ኦሊቪዬ ኩዋፔል ናቸው። የመጀመሪያውን ቁጥር ሽፋን ያየ ሁሉ ሱፐርማን አረንጓዴ መኪና አንሥቶ ከዐለት ጋራ ሲያላትም፥ አንድ ሰውም ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ሲሸሽ ያስታውሳል። ሰማንያ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ የተመለከተው መኪና አንሺውን ነው፤ መኪናው የተሰበረበት ሰው ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እነዚህ ደራሲዎች ጠየቁ። ክፉ ሠሪው የተሰባበረ መኪናውን ይዞ ወደ ጠጋኝ ይሄዳል፤ ሱፐርማንም በጡጫ ሳይሆን በቃል ይመጣበታል፥ ሕይወቱንም እንዲለውጥ ይመክረዋል። በጥቂት ገጾች ውስጥ ጕልበት ከመጽሔቱ ወጥቶ ምክር ገባ። ታሪኩም አንዳች የበዓል ንግግር የለበትም።

በዚሁ መንገድ የሄዱት ሚስተር ብራድ ሜልትዘር ናቸው። አንዲት ሴት ሽጉጥ ተደግኖባት ሳለች ሱፐርማን ከሩቅ ይሮጣል፤ ከጥይት ይፈጥናል የተባለው ሰው ሊዘገይ ሲል የሴቲቱ ድፍረት ቅጽበት ጊዜ ይሰጠዋል። ሱፐርማንን ከፈጠሩት ሁለቱ አንዱ የሆኑት የጄሪ ሲገል አባት በ1932 ዓ.ም. ሱቃቸው ሲዘረፍ መሞታቸውን የሚያውቅ አንባቢ፥ ይህን ታሪክ በሌላ ዐይን ያነበዋል።

ሚስተር ቶም ኪንግ ከ5 ሺህ ሚሊዮን ዓመት በኋላ ምድር ስታልፍ ሱፐርማን ለወላጆቹ መቃብር ስንብት ሲያደርግ ጽፈዋል፤ ነገሩ ጸጥ ያለና የሚያሳዝን ነው። በመጨረሻው የሚገኘው የሚስተር ብራየን ማይክል ቤንዲስ ሥራ ግን በዓሉን አበላሽቶታል። አዲስ ጠላት ተነሥቶ ይደባደባል፤ በ2011 ዓ.ም. የቀረችው ቀይዋ ቁምጣ በ2018 በመመለሷ ሁለት ሴቶች ይጨዋወታሉ፤ ከዚያም ታሪኩ ሳያልቅ ይቆረጣል፥ አንባቢም ቀሪውን እንዲገዛ ይታዘዛል። እንግዳን ለግብር ጠርቶ፥ ወጡን ነገ በገንዘብህ ትበላለህ እንደ ማለት ነው።

ስለ ሁለቱ ፈጣሪዎች፥ ስለ ጄሪ ሲገልና ስለ ጆ ሹስተር፥ መጽሔቱ ስማቸውን ጽፎአል፤ ታሪካቸውን ግን አልተናገረም። ሁለቱ የክሊቭላንድ ወጣቶች በ1938 ዓ.ም. የሱፐርማንን መብት በ130 ዶላር ሸጡ። በ1947 ከአሳታሚው ጋራ ተካሰሱ፤ በእርጅናቸውም ተቸገሩ፥ ሠዓሊው ሹስተርም ዐይናቸው ደከመ። በ1975 ዓ.ም. ኩባንያው ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20 ሺህ ዶላር እንዲከፍልና ስማቸው እንዲመለስ ተስማማ። ሹስተር በ1992፥ ሲገልም በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። ያ የ130 ዶላር የተከፈለበት ቼክ በ2012 ዓ.ም. በጨረታ 160 ሺህ ዶላር ወጣለት፤ ከመጀመሪያው ቁጥር አንድ ቅጂ ደግሞ በ2024 ዓ.ም. በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። መኪናው የተሰበረበትን ሰው ያሰበ መጽሔት፥ ከ80 ገጹ ጥቂቱን ለእነዚህ ለሁለቱ ቢሰጥ ምንም ባልጐደለበት ነበር።