ቀን የሌለው ክስ፦ ቡዳ የተባለች ልጅና የጊዜ ጉዞ ልብ ወለድ

በሐሰት የተወነጀለች ተማሪ በልጆች ልብ ወለድ ውስጥ እንግዳ አይደለችም። ዕቃ ይጠፋል፣ ጣት ይቀሰርባታል፣ እሷም እውነተኛውን አጥፊ አሳድዳ ታጋልጣለች። ደራሲው የጊዜ ጉዞ ከጨመረበት ደግሞ ነገሩ ወደተጠነሰሰበት ሰዓት ተመልሳ በዓይኗ አይታ ትመጣለች። ይህ ቅርጽ በብልሃቱ ብዙ ተወድሷል። በእኔ ግምት ከሚገባው በላይ ነው የተወደሰው፤ ብልሃቱ የሚሠራው ክሱ ቀንና ሰዓት ሲኖረው ብቻ ነውና።

ቀጨኔ ላይ ይህ አይሆንም። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ይህ የጉለሌ ሰፈር ለአዲስ አበባ ማጀት ጀበናውን፣ ምጣዱንና ድስቱን ሲያቀርብ ኖሯል። ከሰሜን ሸዋ የመጡት ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና ቀጥቃጮች ግን «ጠይብ»፣ «ቡዳ»፣ «ፈላሻ» እየተባሉ ነው የኖሩት፤ ቀን ከእሳት ዳር የሚውል ሰው ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል ተብሎ ተወርቶባቸዋል። ከመካከላቸው ራሳቸውን ቤተ አብርሃም ብለው የሚጠሩ አሉ። እንዲህ ካለ ቤት ወጥታ ትምህርት ቤት የምትገባ ልጅ የምትከሰሰው በጠፋ እርሳስ አይደለም። ጓደኛዋ ምሳ ዕቃዋን ከደን ስታደርግባት ክሱ ተነቦ አልቋል። መቼ ተጀመረ ቢባል መልስ የለም፤ ወደ ኋላ ተጉዛ እጅ ከፍንጅ የምትይዘው ሌባም የለም።

የክሱ ሥነ ሥርዓትም ለመርማሪ አይመችም። ቡዳ በላው የተባለ ሰው ይታጠናል፤ ሲለፈልፍ የሚጠራው ስም በቃ ፍርድ ነው። ምስክሩ በጭስ የታፈነ በሽተኛ፣ ተከሳሹ በቦታው የሌለ፣ ጥያቄውም «ማን በላህ?» የሚል አንድ ጥያቄ። ከዚህ ጋር የመጽሐፍ ቅዱሷን ሶስናን ማስተያየት ይገባል። ሽማግሌዎቹ በሐሰት ሲመሰክሩባት ወጣቱ ዳንኤል ለየብቻ አቁሞ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ይጠይቃቸዋል፤ ዛፉ አንድ ሳይሆን ይቀራል፣ ሶስናም ትድናለች። የልጆች የምርመራ ልብ ወለድ ሁሉ የዚያ ጥያቄ የልጅ ልጅ ነው። ለፍለፋ ግን ዛፍ የለውም። (በእኛ አገር ልጅ ወንጀል ፈልጎ አያውቅም እንዳይባል ሌባ ሻይ አለ፦ መድኃኒት ጠጥቶ የተለቀቀው ልጅ ተንገዳግዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ያ ልጅ መርማሪ ሳይሆን የመርማሪዎች መሣሪያ ነበር።)

ጊዜ ታዲያ ለተከሰሰ ሰው ምን ይሠራለታል? የጄ. ኬ. ሮውሊንግ ሦስተኛው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. 1999) ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ሄርሞኒ በአንገቷ ባንጠለጠለችው የአሸዋ ሰዓት ሃሪን ይዛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ በሐሰት የተፈረደበት ሲሪየስም ያመልጣል። አንባቢ በማምለጡ ተደስቶ የሚረሳው ነገር አለ፦ ፍርዱ አልተሻረም፣ ስሙም አልጸዳም። ጊዜ ነፍሱን እንጂ ስሙን አላዳነለትም። ደራሲዋ ይህን አውቃ ማድረጓን አከብራለሁ፤ የተከታዮቿን ያህል ግን ብልሃቱን አላደንቅም።

ጄን ዮለን በ«የሰይጣን ሒሳብ» (እ.ኤ.አ. 1988) ከዚህ የራቀ መንገድ ሄዳለች። በፋሲካ እራት ላይ ለኤልያስ በር እንድትከፍት የተላከችው አሜሪካዊት አይሁዳዊት ሃና ራሷን እ.ኤ.አ. በ1942 ፖላንድ ውስጥ ታገኘዋለች። እዚያ የተከሰሰው አንድ ሰው አይደለም፣ ሕዝብ ነው። ሃና ሕዝቡን ነጻ አታወጣም፤ የምትመለሰው ምስክር ሆና ነው፣ መለያዋም የአክስቷ ክንድ ላይ የተነቀሰው ቁጥር ነው። ለቀጨኔ የሚቀርበው ይህኛው ነው።

እንዲህ ያለው የጊዜ ጉዞ ደግሞ ከውጭ የመጣብን አይደለም። በተረፈ ባሮክ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ሊለቅም ወጥቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ጋደም ይላል፤ ሲነቃ 66 ዓመት አልፏል። ኢየሩሳሌምን አያውቃትም፣ እሱን የሚያውቀውም የለም። ያገኘው ሽማግሌ የሚያምነው መሐላውን ሰምቶ ሳይሆን ቅርጫቱን አይቶ ነው፦ በለሱ አሁንም ወተቱ ይንጠባጠባል፣ ወቅቱ ደግሞ የበለስ አይደለም። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በዘመናዊዎቹ የጊዜ ጉዞ ልብ ወለዶች ውስጥ አላየሁም። ሌላም ነገር አለ። አቤሜሌክ ከኢየሩሳሌም ጥፋት የተሰወረው፣ ከድቶ ወደ ጠላት ሊኮበልል ነው ተብሎ በሐሰት የተከሰሰውን ነቢዩ ኤርምያስን ከጉድጓድ ስላወጣ ነው። በእኛው መጻሕፍት ውስጥ ጊዜን መሻገር የተከሰሰ ሰውን ላዳነ የሚሰጥ ዋጋ ሆኖ ሳለ የልጆች ጸሐፊዎቻችን ይህን ሀብት ችላ ብለውታል።

ቡዳ ወደተባለችው ልጅ በቀጥታ የሄደችው ጄን ከርትዝ ናት። በልጅነቷ ማጂ ያደገችው ይህች አሜሪካዊት ከዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ጋር ኢትዮጵያ ሪድስን ካቋቋሙት አንዷ ስትሆን፣ ድርጅቱ በ1995 ዓ.ም. ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍቷል። «የተራኪዋ ጨሌ» የተባለው ልብ ወለዷ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ወላጅ አልባዋ ቅማንት ሳሃይና ቤተ እስራኤሏ ራሔል በስደት ወደ ሱዳን ሲያቀኑ በአንድ መንገድ ይገናኛሉ። ሳሃይ ፈላሻ ቡዳ ነው ተብላ ስላደገች ራሔልን ትፈራለች። ራሔል ዓይነ ስውር ናት።

እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል። ቡዳ የሚበላው በዓይኑ ነው ይባላል። ከርትዝ ይህን ክስ ዓይኗ በማያይ ልጅ ላይ ጫነችው፤ ክሱም በተነገረበት አፍ ፈረሰ። ደራሲዋ አንድም ቃል አላብራራችም፣ ማብራራትም አላስፈለጋትም። በልጆች መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝም ያለ ምጸት ብርቅ ነው። ደግሜ ሳስበው ግን የመጽሐፉ ትልቁ ድካም የተደበቀው እዚሁ ምጸት ውስጥ ነው። አንባቢው ልጅ ራሔልን ነጻ የሚያወጣት ክሱ ከንቱ ስለሆነ ነው ወይስ እሷ ስለማታይ? የምታይ ብትሆንስ? ዓይኗ የበራ፣ ትኩር ብላ የምታይ፣ ምሳ ዕቃ ውስጥ አሻግራ የምትመለከት የተራበች ልጅ ብትሆንስ? ምጸቱ ክሱን አላፈረሰውም፣ አንዲት ልጅን ብቻ ከክሱ አስወጣት። በዚያ ላይ ራሔል ታጋሽ ናት፣ ተረት አዋቂ ናት፣ ደግ ናት። የተከሰሰችው ልጅ ቡዳ አለመሆኗን በደግነቷ ማስመስከር አለባት። ቀጨኔ ውስጥ ያደገች ነጭናጫ፣ ሰነፍና ተደባዳቢ ልጅስ ማን ይመስክርላት?

ይህን ሁሉ ብዬም መጽሐፉን እወደዋለሁ። የራሔል ወንድም ድንበር ላይ ተነጥሎ ሲመለስና ሳሃይ መሪዋ ስትሆን፣ የፈራችው ልጅ የምትፈራትን ልጅ እጅ ትይዛለች። ሐሳቡን ሳይሰብክ በእጅ ያሳየ ትዕይንት ነው፤ የእኛ የልጆች መጻሕፍት ግን ምክራቸውን በመጨረሻው ገጽ ላይ በግልጽ ካልጻፉ የማይረኩ ናቸው።

ቀጨኔን መነሻው የሚያደርግ የአማርኛ የጊዜ ጉዞ ልብ ወለድ ሲጻፍ ባለታሪኳን የት መላክ እንደሚገባ ታሪክ ራሱ አዘጋጅቶታል። በ1900 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ቀጥቃጩን ጠይብ እያሉ፣ ሸማኔውንም በሙያው የሚሰድቡትን ገሥጸው ተሳዳቢው የሚሰድበው እኔን ነው አሉ። ልጅቱ ነጋሪት ሲጎሰም ትስማ፣ አዋጁ ሲነበብ ከሕዝቡ መሐል ትቁም። ነጻ መውጣቷ ከመወለዷ በፊት በንጉሥ አፍ ተነግሯል። ከዚያ ወደ ክፍሏ ትመለስ፤ ምሳ ዕቃው ዛሬም ይከደንባት። በሃሪ ፖተሩ ነፍስ ድና ስም ቀረ፤ እዚህ ደግሞ ነጻ የሚያወጣው ፍርድ ተሰጥቶም ስሙ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍል፣ አዋጅ ያልሻረውን ምን ይሻረዋል የሚለው፣ ደራሲው በብልሃት የሚያመልጠው አይደለም።

ለደራሲው አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ፦ ልጅቱን ደግ አታድርጋት። ትዋሽ፣ ትቅና፣ ሸክላ መሥራትም ትጥላ። ከርትዝ ያልደፈረችው ይህን ነው። የከርትዝ መጽሐፍም ከነድካሙ በኢትዮጵያ ልጆች እጅ በአማርኛ ሊነበብ ይገባዋል፤ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚያደራጁ ሁሉ ከቀጨኔ ይጀምሩ።