ከሚዛኑ ቁጥር ባሻገር

«ላንሴት ዳያቢቲስ ኤንድ ኢንዶክራይኖሎጂ» የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ያወጣው የኮሚሽን ዘገባ ከመጠን ያለፈ ውፍረትን በሁለት ይከፍላል። የአካል ክፍሎችን ሥራ ወይም የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴን ያወከውን «ክሊኒካዊ»፣ ገና ያላወከውን «ቅድመ ክሊኒካዊ» ይለዋል። የዘገባው ትልቁ ብርታት ቢኤምአይ ለብዙ ዘመን የያዘውን ዳኝነት ብቻውን እንዳይዝ ማድረጉ ነው። ጡንቻንና ስብን የማይለይ ቁጥር ለበሽታ በቂ ምስክር አይሆንምና፣ ከ40 በላይ ካልሆነ በቀር እንደ ወገብ ዙሪያ ያለ ልኬት እንዲታከልበት ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ ለአዋቂዎች የተዘረዘሩት 18 መመዘኛዎች ለታካሚው የሚጠቅሙት መጀመሪያ ያየው ባለሙያ ጠይቆና መርምሮ ሲጽፋቸው ነው። «ውፍረት» የሚል አንድ ቃል ብቻ የሰፈረበት የሪፈር ወረቀት የስፔሻሊስቱን አጭር ጊዜ በጥያቄ ያስጨርሳል፤ ታካሚውም ቀጠሮውን በትዕግሥት ጠብቆ «ምግብ ቀንስ» ከሚል ምክር ሌላ ሳያገኝ ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ ከመላኩ በፊት የክብደቱ ለውጥ ታሪክ፣ ከዚህ ቀደም የተሞከረው ሁሉ፣ የደም ግፊትና የደም ስኳር ልኬት፣ ማንኮራፋት፣ የቀን እንቅልፍና የጉልበት ሕመም ሊመዘገቡ ይገባል። ታካሚውም የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ይዞ እንዲሄድ ይነገረው፤ ፕሬድኒሶሎን፣ ኢንሱሊን፣ ኦላንዛፒንና ቫልፕሮይክ አሲድ ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉና። በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጣቸው ግን ማስጠንቀቅ ያሻል።

«ቅድመ» የሚለው ቃልም «ይቆይ» ተብሎ እንዳይተረጎም መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ዘገባው ራሱ ለእነዚህ ሰዎችም ምክርና ክትትል እንዲደረግ ያሳስባል።