የተፋቀ ፊደል

ኮልፌ ቀራንዮ ጉርብትናው የተሰባጠረ ነው። በአንድ ግቢ የመስጊዱ ሰው፣ የመድኃኔ ዓለም ማኅበርተኛና የጴንጤው ቤተሰብ ቡና ይጠራራሉ። በእንዲህ ያለ ሰፈር እንደ እኔ ብራና ሲፍቅ የሚውል ሰው ሁለት ነገር ከጎረቤት አያጣም፤ ስለ ቆዳው ሽታ ስሞታ፣ ስለ መጽሐፉ ጥያቄ። «መሪጌታ፣ ይኼ መጽሐፍ ስንት እጅ ዞሮ ነው እዚህ የደረሰው? እንዴትስ ሳይበረዝ ይቀራል?» ይሉኛል። አንድ ጎረምሳ ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄድ፣ «ለመሆኑ እርስዎ ሲገለብጡ አይሳሳቱም?» አለኝ።

«እሳሳታለሁ እንጂ ልጄ» አልኩት። የማይሳሳት ቁም ጸሐፊ አላጋጠመኝም። ይህን ስናገር የሚከፋቸው ምእመናን አሉ፤ «ከጥንት እስከ ዛሬ አንዲት ነጥብ አልተነካችም» ብለው መመለስ የለመዱ ናቸው። በበኩሌ «ተበርዟል» ብሎ የሚደመድመውም፣ «ነጥብ አልተነካም» ብሎ የሚምለውም አንድ ቀን እንኳ መቃ ብዕር ይዞ የተቀመጠ አይመስለኝም። የእጅ ጽሑፍ የሚታመንበት ምክንያት ሌላ ነው። ሙያው ስሕተት እንደማይቀር ዐውቆ የተሠራ ስለሆነ፣ ስሕተቱ ዱካውን ትቶ ነው የሚያልፈው።

ዱካ የምለው በዓይን የሚታይ ነገር ነው። የፍየሉ ቆዳ ውሃ ውስጥ ሰንብቶ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ ሲያልቅ ሁለት ገጽ ይኖረዋል፤ የሥጋው ወገን ነጣ ይላል፣ የጠጉሩ ወገን ወደ ብጫ ያደላል። መስመሩ በቀለም አይሰመርም፤ ዳርና ዳሩ በወስፌ ተበስቶ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ይጫራል። ከጥላሸት ተበጥብጦ ወራት ሲብላላ የቆየው ጥቁር ቀለም ደግሞ አንዴ ካረፈ በቀላሉ አይለቅም። የተሳሳተውን ፊደል ለማንሣት በቢላ ጫፍ መፋቅ ነው። የተፋቀው ስፍራ ይሻክራል፤ በላዩ የሚጻፈው አዲስ ፊደል ጠርዙ ትንሽ ይበተናል። ገጹን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጎ የያዘ ሰው የትኛው ቃል በኋላ እንደገባ ያያል። የተዘለለ ሐረግ ሲገኝ በመስመሮቹ መካከል በደቃቅ ፊደል ይገባል፤ ረዘም ካለ ኅዳጉ ላይ ይጻፍና መግቢያው በምልክት ይጠቆማል። አሮጌ መጽሐፍ ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው እርማቱን ነው። አንድም እርማት የሌለበት ንጹሕ ብራና ያጠራጥረኛል፤ አንባቢ ሳያገኝ ዕቃ ቤት ተቆልፎበት የኖረ ሊሆን ይችላል።

ስሕተት የሚያደባባቸው ስፍራዎች የታወቁ ናቸው። የማቴዎስን ወንጌል የመጀመሪያ ምዕራፍ ውሰዱ፤ «ወለደ» የሚለው ቃል ወደ አርባ ጊዜ ያህል ይመላለስበታል። ጸሐፊው አንዱን ሐረግ አንብቦ፣ በአፉ እያልጎመጎመ ጽፎ፣ ዓይኑን ወደሚቀዳበት መጽሐፍ ሲመልስ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ካለው ሌላ «ወለደ» ላይ ያርፍና አንድ አባት ከነልጁ ከትውልዱ ይወጣል። በቀይ የሚጻፉት ስሞችም አሉ። ጸሐፊው ጥቁሩን ጨርሶ በቀዩ እመለሳለሁ ብሎ ቦታ ይተዋል፤ ሳይመለስ ይቀራል፤ ቅዱሱ ስም ሊኖርበት የሚገባው ስፍራ ባዶ ሆኖ ዘመን ይሻገራል። ሠ እና ሰ በአፋችን አንድ ሆነው ሳለ በግዕዝ አንዱ ፀሐይን የሚያወጣ፣ ሌላው ሌባን የሚያሰርቅ መሆኑም ለጆሮ ጸሐፊ ፈተና ነው።

እንዲህ ያለው ስሕተት ግን ብዙ አያስጨንቀኝም። ከሚያንቀላፋ ጸሐፊ ይልቅ ዐዋቂ ጸሐፊ ያስፈራኛል። ያንቀላፋው የጣለው ቃል ዐረፍተ ነገሩን ስለሚያሰነካክለው ማንም አንባቢ ይይዘዋል። ዐዋቂው የጨመረው ግን ለስልሶ ይነበባል። ማቴዎስ ከኢዮራም ቀጥሎ ዖዝያንን ሲያነሣ በመጽሐፈ ነገሥት ያሉ ሦስት ነገሥታትን አልፏቸዋል። ነገሥትን በቃሉ የያዘ ጸሐፊ እዚህ ሲደርስ እጁን ይበላዋል፤ ከጥንታውያን የሱርስት ወንጌሎች በአንዱ ሦስቱ ተጨምረው የተገኙትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። በሉቃስ ያለው አጭሩ አቡነ ዘበሰማያትም በብዙ ቅጂዎች ከማቴዎሱ እየተሞላ ረዝሟል። ጸሐፊዎቹ በክፋት አላደረጉትም፤ የጎደለ መስሏቸው ነው። በጎ አሳቢ እጅ ያስገባውን ለመለየት ከእርሱ በፊት የተጻፈ ወይም ከእርሱ ያልተቀዳ ሌላ ቅጂ ያስፈልጋል።

የዳዊት ነገር ልዩ ነው። የአብነት ተማሪ ንባብ የሚጨርሰው በዳዊት ነው፤ ካህኑም ምእመኑም ይደግመዋል። አዲስ ዳዊት ጽፌ ባስረክብና አንዲት ቃል ብትጎድል ባለ መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ይጠራኛል፤ አፉ የለመደውን ዓይኑ ሲያጣ ይደናቀፋላ! ዜና መዋዕል ላይ ግን እንዲህ ያለ ዘበኛ የለም፤ ግድፈቱ ሳይታይ ከቅጂ ወደ ቅጂ ሊወርድ ይችላል። የትርጓሜ መምህራን ይህን ስለሚያውቁ የተለያየ ንባብ ሲያጋጥማቸው አይደብቁትም፤ «እንዲህም የሚል አብነት አለ» ብለው ሁለቱንም ይተረጉማሉ። ፈረንጅ በገጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የሚያሰፍረውን ልዩነት የእኛ ሊቃውንት በቃላቸው ይዘውት ኖረዋል።

የግልበጣው ታማኝነት በተግባር የተፈተነበት ጊዜም አለ። መጽሐፈ ኩፋሌ በዕብራይስጥ ተጽፎ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። ዕብራይስጡ ጠፋ፤ ከግሪኩም ጥቅሳ ጥቅስ ብቻ ቀረ፤ ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተረፈ። ስለዚህ ግዕዙ ምን ያህል ታማኝ እንደሆነ የሚመሳከርበት የዕብራይስጥ ቅጂ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በተገኙት የቁምራን ዋሻዎች የዕብራይስጥ ኩፋሌ ቁርጥራጮች ብቅ አሉ። አሜሪካዊው ጄምስ ቫንደርካም በ1977 ባሳተመው ጥናት ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያያቸው፤ ከጥቃቅን ልዩነት በቀር ግዕዙ ዕብራይስጡን በቅርብ እየተከተለ የመጣ ሆኖ ተገኘ። በመካከላቸው ሁለት ትርጉምና ከሺህ ዓመት በላይ የፈጀ ግልበጣ አለ። ይህን የሠሩት በአብዛኛው ስማቸው ያልታወቀ መነኮሳትና ደብተራዎች ናቸው። ስለ እነርሱ ጥንቆላ ብቻ የሚያወራ ሰው ይህን ጥናት እንዲያነብ እመክረዋለሁ።

መጽሐፈ ሄኖክ ላይ ውጤቱ የተደባለቀ ነው። ተመራማሪው ጆዜፍ ሚሊክ በ1976 ያሳተማቸው የአራማይክ ቁርጥራጮች ከግዕዙ ጋር በብዙ ይገጥማሉ፤ ስለ ብርሃናት ጉዞ የሚናገረው ክፍል ግን በአራማይኩ ረጅም ሆኖ ሳለ ወደ ግዕዝ አጥሮ ነው የደረሰው። ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ደግሞ በቁምራን ጭራሽ አልተገኘም። አለመገኘቱ አለመኖሩን አያረጋግጥም። ቢሆንም ይህን ደብቆ ኩፋሌን ብቻ እያነሡ መኩራራት ከሙያው ሐቀኝነት ጋር አይሄድም።

የማርቆስ ወንጌል መጨረሻ የጸሐፊን ጠባይ በደንብ ያሳያል። ሲናይቲከስና ቫቲካነስ የሚባሉት የ4ኛው ክፍለ ዘመን የግሪክ ቅጂዎች ምዕራፍ 16 ቁጥር 8 ላይ ያበቃሉ። ሌሎች የታወቀውን ረጅም መጨረሻ፣ ጥቂቶች ደግሞ አንድ አጭር መጨረሻ ይዘዋል። ተመራማሪው ብሩስ ሜትዝገር የግዕዝ ወንጌሎችን ሲመረምር አብዛኞቹ አጭሩንም ረጅሙንም አስከትለው ጽፈው አገኛቸው። ይህ ለእኔ እንግዳ አይደለም። ሁለት አብነት ፊቱ ቀርቦለት ሲለያዩበት፣ የሚፈራ ጸሐፊ ከሚመርጥ ሁለቱንም ይገለብጣል።

ዓድዋ አጠገብ ያሉት የአባ ገሪማ ወንጌሎች ለዚህ ሙያ አለኝታ ናቸው። ባለሙያዎች በፊት ከ1000 ዓ.ም. ወዲህ የተጻፉ አድርገው ይገምቷቸው ነበር፤ በኦክስፎርድ የተደረገው የካርቦን ምርመራ ግን ብራናውን በ4ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን መካከል አስቀመጠው። ትውፊቱ አባ ገሪማ ወንጌሉን በአንድ ቀን ጽፈው እስኪጨርሱ ፀሐይ እንደቆመችላቸው ይናገራል። እኔ ለአንድ ወንጌል ወራት የሚፈጅብኝ ሰው ይህን ታሪክ በቅናት ነው የምሰማው።

«በማተሚያ ቤት ዘመን ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚሉኝም አሉ። ማተሚያ ስሕተትን አላጠፋም፤ አባዛው እንጂ። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በሮም ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ነው። አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ፣ እርሳቸውም ማተም አይችሉም ነበርና ስለ ግድፈቱ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። የሐዋርያት ሥራ አብነት ስለጎደላቸውም አብዛኛውን ከላቲንና ከግሪክ ተርጉመው ሞሉት፤ መሙላታቸውንም ሳይሸሽጉ ጻፉ። ይህ እትም በ1657 ለንደን ወደታተመው ባለ ብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ ገባ። እናም የአውሮፓ ሊቃውንት ለረጅም ዘመን «የኢትዮጵያው ትርጉም እንዲህ ይላል» ሲሉ በሐዋርያት ሥራ ላይ የጠቀሱት በከፊል ከላቲን የተጣፈውን ነበር። ያችው ለንደን በ1631 ከዐሠርቱ ትእዛዛት «አታመንዝር» ከሚለው ላይ አፍራሿን ቃል የጣለ መጽሐፍ ቅዱስ አትማለች። የእኔ ግድፈት አንድ መጽሐፍ ያበላሻል፤ የእነርሱ እትሙን ሁሉ።

ዛሬ የሚያሳስበኝ የጸሐፊ ስሕተት ሳይሆን የቅጂ መጥፋት ነው። አዲስ መጽሐፍ ሲገባ አሮጌው «አርጅቷል» ተብሎ ጥግ ይጣላል፤ አይጥና ዝናብ ይጨርሱታል። ከዚህ የከፋም አለ፤ ብራናው ቅጠል በቅጠል ተገንጥሎ፣ ሥዕል ተደርጎበት ለቱሪስት ይሸጣል፤ ትናንት የተጻፈው ደግሞ በጭስ ጠቁሮ የጥንት ነው ይባላል። የመጀመሪያው ምስክር ያጠፋል፣ ሁለተኛው ሐሰተኛ ምስክር ያቆማል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት ባይኖሩ፣ እነፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ካታሎግ ባያዘጋጁላቸው ኖሮ ብዙውን ነገር በግምት ነበር የምንናገረው።

ስለዚህ መጽሐፍ ለምታጽፉ ምእመናን አንድ ልመና አለኝ። ጸሐፊውን ስማችሁን በቀይ እንዲያስገባ ብቻ አትዘዙት፤ ከየትኛው ደብር መጽሐፍ እንደቀዳና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደጨረሰ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ያስፍር። አሮጌውን አትጣሉ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከአዲሱ ጋር አስቀምጡት። የዕቃ ቤት ቁልፍ የያዛችሁ አባቶችም የሚታወቅና ፈቃድ ያለው ሰው ፎቶ ሊያነሣ ሲመጣ አታመላልሱት።